ከመስቀሉ የተመለሰች እጅ

በ፲፱፻፺፰ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር በገባ ሰሞን፣ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድርያ የዛፉ ቅጠል አብዛኛው ረግፎ ነበር፤ ከፖቶማክ ወንዝ የሚነሣው ጭጋግ የጡብ ቤቶቹን ጣራ ሸፍኖ እስከ ረፋድ አይገፈፍም፤ በኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ በር ላይም ታክሲዎች ተራቸውን ጠብቀው ተደርድረው ይቆማሉ። ከአሽከርካሪዎቹ የሚበዙት የኢትዮጵያ ሰዎች ነበሩ፤ የሚያወሩትም ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ በግንቦት ስለተደረገው ምርጫ፣ በሰኔ ስለፈሰሰው ደም፣ ከጥቅምት ሃያ ሁለት ቀን ጀምሮም በአዲስ አበባ መንገዶች ዳግመኛ ስለተተኮሰው ጥይት።

ከተሰለፉት መኪኖች በአንዱ ውስጥ ሻምበል እንግዳወርቅ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ጢማቸውን በየማለዳው የሚላጩ ሰው ነበሩ፤ በቀድሞው ጦር የሕክምና ክፍል የቁስለኞች ማቆያ ኃላፊ ሆነው ያገለገሉ፤ መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በኬንያ በኩል ተሰደው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ስመኝ ጋር ወደዚህ አገር የገቡ።

ነገር ግን የአሌክሳንድርያና የወንዝ ማዶዋ የሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሰው ሻምበልን የሚያውቃቸው በማዕረጋቸው አልነበረም፤ መርዶ ነጋሪ በመሆናቸው ነበር። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ ዘመድ ለባለ ሐዘኑ አይደውልም፤ ለሻምበል ይደውላል፤ ሻምበልም ነገሩን እንደ ቀዶ ሕክምና ያሰናዱታል። ባለ ሐዘኑ በልቶና ተኝቶ ያደረበትን ማለዳ ይመርጣሉ፤ ከሽማግሌዎች ጋር ይመክራሉ፤ መርዶ በአንድ አፍ አይነገርምና። ሕፃናቱን ወደ ጎረቤት ያስወስዳሉ፤ የመስተዋት ጠረጴዛ ካለ ከመካከል ያስነሣሉ፤ ለባለ ሐዘኑ ግራና ቀኝ ሁለት ብርቱ ሴቶች ያስቀምጣሉ። አሜሪካ ከመጡ ወዲህ ደግሞ አንድ ሥርዓት ጨምረዋል፤ ጩኸት ሲሰማ ፖሊስ እንዳይጠራ በላይና በታች ያሉትን ጎረቤቶች አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህም የሻምበል መኪና በማለዳ ደጁ ቆሞ ያየ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ የዘመዶቹን ስም አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር።

በዚያ ማለዳ ስልካቸው ጮኸ።

«ሻምበል፣ ነጃት ነኝ።»

ነጃት በጦሩ ዘመን በሥራቸው የነበረች ወጣት ነርስ ነበረች፤ ዛሬ በአዲስ አበባ በአንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃሉን እየቆራረጠች ተናገረች።

«ከሰው ቤት ነው የደወልኩት። ብሩህ ሞቷል። ከእርስዎ የተላከልኝን መድኃኒት ያመጣልኝ የነበረው ልጅ። ከተመቱት ጋር አመጡት፤ ፊቱን አየሁና ዐወቅሁት። ሬሳውን ስም ሳይጻፍበት ወሰዱት፤ ወዴት እንደሆነ አላውቅም። እናቱ ዘንድ እንዳልሄድ ቤታቸው ይጠበቃል። ወሬ ያወጣ የሆስፒታል ሰው ከሥራ ገበታው ላይ እየተለቀመ ነው።»

የመጨረሻ ሰዓቱን እንዴት እንዳሳለፈም በጥቂት ቃል ነገረቻቸው።

«ገባኝ፣ ነጃት።»

«እህቱ እዚያ እናንተ ዘንድ አለች አይደል? አንድ የሥጋ ዘመድ እንኳ ይወቅ ብዬ ነው። ስሜን ግን ለማንም፣ ሻምበል። ልጆች አሉኝ።»

«ስምሽ ከእኔ ጋር ይቀበራል» አሏት።

የሟቹ እህት ትብለጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ትኖር ነበር፤ ሻምበልና ባለቤታቸው ልጅ ስላልነበራቸው እንደ ልጃቸው ያዩአት ነበር። በዚያን ጊዜ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር፤ ከዚህ ቀደም አንድ ፅንስ ወጥቶባታልና ሐኪሞች ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዋት ነበር። ሻምበል እንደ ልማዳቸው የደብሩን አስተዳዳሪ ቀሲስ ምናሴንና የእድሩን ሰብሳቢ አቶ ቢራቱን ለይተው አማከሩ፤ ሦስቱም በአንድ ቃል ተስማሙ፤ ወልዳ፣ አርባ ቀኗ ሞልቶ፣ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ መርዶው ይቆይ፤ ለባሏም ፊቱ ያሳብቅበታልና አይነገር።

«ግን ማን ነገረህ?» ብለው አቶ ቢራቱ ጠየቁ።

«የታመነ ሰው።»

«አንተን እኮ ሞት ራሱ ጸሐፊ አድርጎ ቀጥሮሃል!» አሉ አቶ ቢራቱ እየሣቁ፤ ያን ቀን ነገሩ ከሣቅ አላለፈም።

ትብለጥ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሻምበል እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ በሄዱ ጊዜ ሕፃኑን አስታቀፈቻቸውና «የክርስትና አባቱ እርስዎ ነዎት፤ ለባሌ ለክፍሉም ነግሬዋለሁ» አለቻቸው፤ ቀጥላም «ከወንድሜ ወሬ የለም? እናቴ ታስሯል ትለኛለች» ስትል ጠየቀቻቸው። ሻምበል ዓይናቸውን ከሕፃኑ ላይ ሳያነሡ «ለእግዚአብሔር አደራ ስጪው፣ ልጄ» አሏት። አሜን አለች።

ምስጢሩን ያወጡት አቶ ቢራቱ ናቸው፤ ለሚስታቸው ነገሩ፤ ሚስታቸው ለእህታቸው፤ ወሬውም ዞሮ የትብለጥን ባል ክፍሉን ደረሰው። ክፍሉ ቀን የቢሮ ሕንፃ እየጠበቀ፣ በተረፈው ጊዜ ሁሉ ለታሰሩት የሚጮኸውን ሰላማዊ ሰልፍ የሚያደራጅ ሰው ነበር፤ ድምፁ ከማጉያ ብዛት ሻክሮ ነበር። ወዲያው ለአማቱ ለወይዘሮ ከበቡሽ ደወለ።

«ምን ሆናችኋል እናንተ?» አሉት እናትየው። «ስንቅ እያቀበልኩት ነው። ትናንትም ተቀብለውኛል፤ ሳህኑንም ባዶ መልሰውልኛል።»

ክፍሉ ልቡ መለስ አለ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ወይዘሮ ከበቡሽ ራሳቸው ደወሉ፤ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በእስር ቤቱ በር ላይ ጎተት አድርጎ «እናቴ፣ አይድከሙ፤ የሚያመጡለት ሰው እዚህ ገብቶ አያውቅም፤ ምግቡን የሚበሉት ጠባቂዎቹ ልጆች ናቸው፤ ሬሳ ፈልጉ» ብሏቸው ነበር። ቤተሰቡ ከብዙ እንግልት በኋላ ብሩህ የተቀበረበትን ጉድጓድ አገኘ፤ ሞቷል የተባለበት ቀንም ሻምበል ለሽማግሌዎቹ ከነገሩት ጋር አንድ ሆነ።

ያን ጊዜ በክፍሉ ልብ ውስጥ አንድ ስሌት ተሰላ፤ ስሌቱም ለሰሚው ሁሉ ስሕተት አልነበረበትም። እናት አላወቀችም፤ ጎረቤት አላወቀም፤ የሚያውቀው ገዳዩ ብቻ ነበር። ታዲያ በአሌክሳንድርያ ታክሲ የሚነዳ ሰው ከእናት በፊት እንዴት ዐወቀ? በዚያ ዘመን አንዱ በሌላው ጀርባ ጆሮ ጠቢ ይፈልግ ነበር፤ በሰልፍ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ አገር ቤት ያለ ወንድም ያሳስራል ይባል ነበር፤ የሚባለውም ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ስለዚህ መልሱ ለመገኘት ጊዜ አልፈጀም።

በኪንግ ስትሪት የታክሲ ተራ ላይ ሰላምታ ቀረ። ሻምበል መስኮታቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ሌሎቹ ከፍ ያደርጋሉ። አንድ ማለዳ አንዱ አሽከርካሪ ከመኪናው ጣራ ላይ ተደግፎ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ «ሻምበል፣ ዛሬስ ማን ይሞታል? ቀድመው ቢነግሩን እኛም ጥቁር ልብሳችንን እናስተኩስ ነበር!» አላቸው፤ ሣቅ ሆነ። ሻምበል ሞተራቸውን አስነሥተው ተራቸውን ትተው ሄዱ።

ወይዘሮ ስመኝ ነገሩን ለቀናት በሆዳቸው ይዘው ሰነበቱና አንድ ቀን ቁርስ ላይ ፈነዱ።

«ለእኔ እንኳ? አብሬህ በረሃ ያቋረጥኩት ሴት ለእኔ?»

«ላንቺም።»

«ትናንት ሱቅ ገብቼ ሰላም ስል ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጡኝ። የማላውቀውን ነገር ነው የምሸከመው እኮ!»

«ስላላወቅሽው ነው ቢጠይቁሽ በእውነት አላውቅም ለማለት የምትችዪው።»

«አንተና መላ!» አሉ ወይዘሮ ስመኝ፤ ሳህኑንም ሳያጥቡት ትተው ተነሡ።

ቀሲስ ምናሴ ነገሩ ደብሩን ለሁለት ሳይከፍል ይብረድ ብለው ሸንጎ ጠሩ፤ ቀኑም እሑድ ታኅሣሥ ዐሥራ ስድስት ሆነ፤ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር የልደት በዓል ስለነበረ የሲልቨር ስፕሪንግ ጎዳና ባዶ፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነበር። ሻምበል ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሰው ወደ አዳራሹ እስኪገባ ድረስ በመኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ጸለዩ።

«አቤቱ፣ ፍረድልኝ» ብለው ጀመሩ። «የሐሰት ነገር ከብቦኛል፤ በማዕዳቸው የበላሁት፣ ሙታናቸውን ያስለቀስኩላቸው ሰዎች ፊታቸውን አዙረውብኛል። እውነቴን እንደ ቀትር ፀሐይ አውጣልኝ።»

ይህን ካሉ በኋላ ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን ነገርን ከሥሩ መመርመር የለመደው አእምሯቸው ጸሎቱንም መረመረው። እውነቴ ትውጣ ማለት የነጃት ስም ይውጣ ማለት ነበር፤ ፍረድልኝ ማለት በነጃት ላይ ፍረድባት ማለት ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጡት ሰዎች መካከል አንድ እውነተኛ ጆሮ ጠቢ ቢኖር፣ የሚመጣው ሳምንት ሳያልቅ ነርሷ ከሥራ ገበታዋ ትወሰዳለች። እግዚአብሔር ጸሎታቸውን ቢሰማ ሰው ይጠፋ ነበር። ግንባራቸውን በመሪው ላይ አስደግፈው ብዙ ጊዜ ቆዩ፤ በመጨረሻም የመጀመሪያውን ልመና ተዉትና ሌላ ለመኑ።

«ፍርዱን ተወው፣ ጌታዬ። ለአንተ ጊዜ ይሁን። አንተ ግን ቅረበኝ። ሌላው ሁሉ ሲርቅ እንዳትርቅ።»

መስኮቱ በትንፋሻቸው ደብዝዞ ነበር። በእጅጌያቸው ጠርገውት ወረዱ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ትብለጥ አራስ ስለሆነች አልመጣችም፤ መርዶውም ገና አልተነገራትም። ቀሲስ ምናሴ ከመንበራቸው ተነሥተው የእጅ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ሻምበል፣ ከእኛ ጋር ዐሥር ዓመት ሙሉ በሐዘን የቆሙ ሰው ነዎት» አሉ። «የነገረዎትን ሰው ስም ቢነግሩን ጉዳዩ ያበቃል።»

«አልናገርም፣ አባ።»

«እንግዲያስ በመስቀሉ ላይ እጅዎን ጭነው ይማሉ። ከኤምባሲ ሰው፣ ከደኅንነት ሰው አልሰማሁም ይበሉ። እኛም እናምንዎታለን።»

ሻምበል ወደ ፊት ወጡ፤ ቀኝ እጃቸውንም በመስቀሉ ላይ ጫኑ። ይህ መሐላ እውነት ነበር፤ በዚህ ሊምሉ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ክፍሉ ከኋላ ተነሣ።

«አባ፣ እሱ አይበቃም! ደኅንነት ስሙን ለጥፎ አይሄድም። ‹የመንግሥት ደመወዝ ከሚበላ ከማንም ሰው አልሰማሁም› ይበሉ። እንደዚያ ከማሉ በዚህ ሕዝብ ፊት እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ይማሉ! ይማሉ!» አለ ሕዝቡ።

የሻምበል እጅ በመስቀሉ ላይ እንዳለች ቀረች። ነጃት የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ነበረች፤ ደመወዟን የምትበላው ከመንግሥት ነበር። ይህን ቢምሉ በመስቀል ላይ ዋሹ፤ ከዚያም በኋላ ለየትኛው ባለ ሐዘን ደጅ ቆመው የእግዚአብሔርን ስም ይጠራሉ? በመጀመሪያው ብቻ እምላለሁ፣ በሁለተኛው አልምልም ቢሉስ? ያን ጊዜ ክፍሉ ይጠይቃል፤ ደኅንነት ያልሆነ፣ ግን ደመወዝተኛ የሆነ፣ ሬሳ የሚያይ ሰው ማን ነው? ዘበኛ? ሹፌር? ወይስ የሆስፒታል ሰው? ከሦስት ጥያቄ በኋላ በሩ ይገኛል። የአዳራሹ ሰው ኤምባሲ ነው ብሎ እስካመነ ድረስ ግን ማንም ወደ ሆስፒታል ዞሮ አያይም። ሻምበል ይህን ሁሉ ያሰቡት ቀሲስ ምናሴ አንድ ጊዜ እስኪያስሉ ድረስ ነበር። ከዚያም እጃቸውን ከመስቀሉ ላይ አነሡ።

«አልምልም» አሉ።

«በመጀመሪያው ቃልም?» አሉ ቀሲሱ፤ ድምፃቸው ልመና ነበረው።

«በምንም አልምልም።»

በአዳራሹ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ። አቶ ቢራቱ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መሬት አቀረቀሩ። ክፍሉ አሸነፍኩ ብሎ የሚደሰት አልመሰለም፤ ፊቱ አመድ ለብሶ «ልጄን ሊያነሡልኝ ነበር እኮ፤ በእኒህ እጅ ልጄ ክርስትና ሊነሣ ነበር» አለና ተቀመጠ። ሻምበል ከሽማግሌነትና ከእድሩ እንዲሰናበቱ ተወሰነ። ወደ በሩ ሲሄዱ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ልብሳቸው እንዳይነካው የሸሸ ሰው ነበር።

ሕፃኑ በአርባኛው ቀን በሌላ ሰው እጅ ክርስትና ተነሣ። ለትብለጥም መርዶው ተነገራት፤ ነገሩን ማን እንደሚያሰናዳው የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ሳትበላ ነገሯት፤ ወድቃ ክንዷ በመስተዋት ጠረጴዛው ተቆረጠ፤ ጩኸቷን የሰሙት ጎረቤቶች ሰው ተገደለ ብለው ፖሊስ ጠሩ፤ ሁለት መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች በለቅሶው መካከል ገብተው ባሏን በግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈተሹት።

ጥር አጋማሽ ላይ በኪንግ ስትሪት ጣቢያ፣ ነፋሱ ፊት በሚገርፍበት ረፋድ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ሕፃን በደረቷ አቅፋ ከባቡር ወረደች፤ የታክሲውን ተራ በዓይኗ ፈልጋ ከመጨረሻው መኪና የኋላ ወንበር ገባች።

«ክፍሉ መምጣቴን አያውቅም» አለች።

ሻምበል አልዞሩም፤ በመስታወት አዩአት። ክንዷ እንደ ታሰረ ነበር። «ነፍስ ይማር፣ ልጄ» አሉ። «በጊዜው ልልሽ አልቻልኩም።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። የነገረዎት ሰው ወንድሜን አየው ወይስ ሰማ?»

ሻምበል ጥያቄውን መዘኑት።

«አየው።»

«ከሞተ በኋላ?»

«በሕይወት ሳለ ደርሶበታል።»

ትብለጥ ወደ ፊት ጠጋ አለች። «ምን አለ?»

«ውኃ ጠየቀ። ቁስሉ ለመጠጣት አይፈቅድም ነበር፤ ከንፈሩን አርጥበውለታል። የእናቱን ስም ጠርቷል። ብዙ አልቆየም።»

«ዓይኑስ?»

«ተከድኖለታል። አገጩም ታስሯል፤ እግሮቹ ተገጥመው፣ እጆቹ ተሰብስበው ነው የተሸኘው። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አላውቅም። እስከዚያ ድረስ ግን በሰው ወግ ነው ያለፈው።»

ትብለጥ የሕፃኑን ራስ በነጠላዋ እየሸፈነች ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «ጠላት የሬሳ አገጭ አያስርም» አለች ቀስ ብላ።

ሻምበል ዓይናቸውን ከመስታወቱ አንሥተው ከፊታቸው ወደቆመው መኪና መለሱ።

«ስሙን አልጠይቅዎትም።»

«አትጠይቂኝ።»

«ለክፍሉ ይህን ብነግረው...»

«ያምንሻል። ካመነሽም በኋላ ማን እንደሆነ ሊያውቅ ይፈልጋል፤ ለማመስገን ብሎ። ሰው በደስታም ያወራል።»

«እንግዲያስ እስከ መቼ ነው ጆሮ ጠቢ እየተባሉ የሚኖሩት? እኔስ ከከሳሽዎ ጋር በአንድ ማዕድ እየበላሁ፣ እውነቱን በሆዴ ይዤ?»

«አዎ» አሉ ሻምበል። ነገሩን ሊያለሰልሱላት አልሞከሩም። «እንዲህ ነው የሚሆነው።»

ትብለጥ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ለሦስተኛ ሰው በማይሰማ ለቅሶ። ከፊታቸው የነበሩት ታክሲዎች እየተነሡ ሲሄዱ ሻምበል መኪናቸውን እያስጠጉ፣ ተራቸው በደረሰም ጊዜ የመጣውን መንገደኛ ወደ ኋለኛው እየመሩ ጠበቋት። በመጨረሻ ሕፃኑን በሁለቱ ወንበሮች መካከል አሻግራ አስታቀፈቻቸው። አልባረኩትም፤ ያን ማዕረግ ወስደውባቸዋልና። ግንባሩን ብቻ ሳሙት። በመኪናው ውስጥ፣ በዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ለመኑት ያለ፣ ከአጠገባቸው ያልራቀ ነገር እንዳለ ያን ቀን ዐወቁ፤ ስለ ፍርዱ ግን ያወቁት ነገር አልነበረም።

ሻምበል እንግዳወርቅ በ፳፻፮ ዓመተ ምሕረት በአሌክሳንድርያ ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ የተገኘው ሰው በአንድ አውቶቡስ የሚሞላ አልነበረም፤ እድሩ የአበባ ጉንጉን አልላከም፤ ትብለጥ ግን ልጇን ይዛ መጥታ ከወይዘሮ ስመኝ አጠገብ ቆማለች። ክፍሉ መኪና ውስጥ ሆኖ ጠበቃት፤ ለምን እንደምትሄድ አልጠየቃትም ነበር፤ ምናልባት መጠየቁን ፈርቶት ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአገር ቤት ዘመን ተለወጠ፤ እስረኞች ተፈቱ፤ በሲልቨር ስፕሪንግም የዚያን ጥቅምት ሙታን ለማሰብ ሻማ ተበራ፤ የብሩህ ስም ሲጠራ ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ስለ ሻምበል የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ትብለጥም ከቆሙት መካከል ሆና አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ዘመን ተመልሶ እንደሚለወጥ ታውቅ ነበርና።

ታሪክ የገደለውንና የሞተውን፣ የከሰሰውንና የተከሰሰውን ይጽፋል፤ ምስክርም ፎቶግራፍም ያገኝለታል። ያልደረሰ ጥፋት ግን ምስክር የለውም። ነጃት በዚያው ሆስፒታል እስከ ጡረታዋ ሠራች፤ ልጆቿን አስተማረች፤ ዳረች። ስለ ብሩህ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ በስሟ ምክንያት በባሕር ማዶ አንድ ሰው እንደ ተዋረደም አልሰማችም። ሻምበል ስልክ መደወላቸውን ለምን እንዳቆሙ አንዳንድ ጊዜ ይገርማት ነበር፤ ሰው በአሜሪካ ሲኖር አገሩን ይረሳል ብላ ትተዋለች።